ቀለህ አይጣልም

ግምጃ ቤት የሚለው ስም ላገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ጎንደር ከነገሥታቱ ግቢ አጠገብ ግምጃ ቤት ማርያም አለች። አዲስ አበባም ከታላቁ ቤተ መንግሥት ጎን ግምጃ ቤት ማርያም አለች። አዊ ዞን አንከሻ ውስጥ ደግሞ ከተማዋ ራሷ ግምጃ ቤት ናት። ግምጃ ቤት ማለት የከበረ ዕቃ የሚቀመጥበት ቤት ነው። የከበረ ዕቃ ሲባል ለኛ ለዛሬዎቹ ወርቅና ብር ይታየናል። የዱሮ መኳንንት ግን ግምጃ ቤቱ ሲጎድል እንቅልፍ የሚያሳጣው ወርቁ ብቻ አልነበረም። ባሩዱ፣ እርሳሱና ጥይቱ ነበር። ወርቅ ኖሮት ጥይት የሌለው መኳንንት፣ ወርቁም ብዙ ቀን አብሮት አያድርም።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ከወደ አሜሪካ የመጣ ስልክ ነው። ግምጃ ቤት ተወልዶ ያደገ አንድ ዘመዴ ከተራራማዎቹ ግዛቶች በአንዱ ይኖራል። በየዓመቱ ፈቃድ አውጥቶ አጋዘን ያድናል። "ጋሼ፣ ጥይት ተወደደብኝ። እዚህ ሰዉ የተኮሰውን ቀለህ አይጥልም፤ ቤቱ ወስዶ እንደገና ይሞላዋል። እኔም መሙያ ማሽን ልገዛ ነው። ዕድሜ ልክ የሚያገለግለው የትኛው ይሁን? አንተ እንኳ ብረታ ብረት ነገር ትወዳለህ" አለኝ። ከዚያም ሳቅ ብሎ "ሰዎቹ እኮ ይኼን ነገር የጀመሩት እነሱ ብቻ ይመስላቸዋል" ሲል ጨመረ።

ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት ያልለቀቀችኝ። እውነትም እኛ አገር ቀለህ መሙላት ቅዳሜና እሁድ የሚያሳልፉበት ጨዋታ አልነበረም። የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነበር። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

የጥንቱ ጠመንጃ የሚጎርሰው በአፈሙዙ ነበር። ባለቤቱ ባሩዱን ከላይ ያፈሳል፣ እርሳሱን ያስከትላል፣ በዘንግ ይጠቀጥቃል፣ ይተኩሳል። ይኼ ጠመንጃ ቀርፋፋ ነው። ዝናብ ያበላሸዋል። ግን አንድ ትልቅ ጸጋ ነበረው፤ የሚበላውን ሁሉ አገር ውስጥ ማዘጋጀት ይቻል ነበር። ባሩዱን ከከሰል፣ ከድኝና ከአፈር ከሚወጣ ጨው የሚቀምሙ ባለሙያዎች ነበሩ። እርሳሱን አቅልጦ ማንከባለል ለአንጥረኛ ቀላል ነው። ጠመንጃው ከባሕር ማዶ ቢመጣም ምግቡ የቤት ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በኋላው የሚጎርስ ጠመንጃ ሲመጣ ነው። አገራችን ይህን መሣሪያ በቅጡ ያየችው በሚያሳዝን መንገድ ነው። በ1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲመጣ ስናይደር የሚባል አዲስ ጠመንጃ ይዞ ነበር፤ ያገራችን ሰው በኋላ "ስናድር" ያለው ማለት ነው። እሮጌ ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት 700 ያህል ሰው ሲወድቅ፣ ከእንግሊዞቹ ቆስለው የሞቱት ሁለት ናቸው። ልዩነቱ የጀግንነት አልነበረም። አንደኛው ወገን ባሩድ እየሰፈረ በዘንግ ሲጠቀጥቅ፣ ሌላኛው የተዘጋጀ ጥይት ከዝናሩ እየመዘዘ ያጎርስ ነበር።

የተዘጋጀ ጥይት ስንል አራት ነገር ነው፤ ከናስ የተሠራው ቀለህ፣ ውስጡ ያለው ባሩድ፣ አፉ ላይ የተሰካው እርሳስ፣ ቂጡ ላይ ያለችው ካፕሱል። ካፕሱሏ ከምስር ብዙም አትበልጥም። የጠመንጃው መርፌ ሲመታት እሳት ትጭራለች፣ ባሩዱም ይቀጣጠላል። እንግዲህ ባሩድና እርሳስ እዚህ ይገኛል። ቀለህና ካፕሱል ግን የፋብሪካ ልጆች ናቸው። ፋብሪካ የሌለው አገር በኋላው የሚጎርስ ጠመንጃ የያዘ ቀን ፈጣን ተኳሽ ይሆናል፤ በዚያው ቀን የሻጩ ጥገኛም ይሆናል። ጠመንጃውን አንዴ ትገዛዋለህ፣ ጥይቱን ግን ዕድሜ ልክህን ትለምናለህ።

ነገሥታቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። አፄ ዮሐንስ ገና ካሳ ሳሉ ከናፒየር 850 ጠመንጃና አሥራ ሁለት መድፍ ከነጥይታቸው አገኙ። በ1868 ዓ.ም. ደግሞ ጉንደትና ጉራ ላይ ግብፆችን ድል ሲያደርጉ ብዙ ረሚንግተን ማረኩ። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሲጋጠሙ፣ ጎጃም ከተሸነፈባቸው ምክንያቶች አንዱ የጠመንጃ ማነስ ነው። ጎጃም በዓባይ የተከበበ አገር ነው፤ ከባሕሩ ወደብ ሩቅ ነው። የታጁራና የዘይላ ቅፍለት ሸዋ ላይ ሲራገፍ ጎጃም የሚደርሰው ትርፍራፊው ነበር።

ያ ቅፍለት ምን ይዞ ይመጣ እንደነበር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ቅኔውን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. እንጦጦ ሲደርስ ከሁለት ሺህ በላይ አሮጌ ጠመንጃና 60 ሺህ ያህል የረሚንግተን ጥይት ጭኖ ነበር። ምኒልክ በዋጋ ተከራክረው ረቱት። ከዚህ ይበልጥ የሚያስቀው የጣሊያኑ ነው። ጣሊያን የውጫሌ ውል እንዲጸናላት ስትል በ1885 ዓ.ም. ሁለት ሚሊዮን ጥይት ላከች። ምኒልክ ጥይቱን ተቀበሉ፣ ውሉን ሰረዙ። ሁለት ሚሊዮን ሲባል ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ሦስት ዓመት ቆይቶ ዓድዋ የዘመተው ጠመንጃ ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ይገመታል። ለ80 ሺህ ቢካፈል ለአንድ ጠመንጃ 25 ጥይት ይደርሰዋል። እሱም ሁሉም ጠመንጃ አንድ ዓይነት ጥይት ቢጎርስ ነው። የስናድሩ ለረሚንግተን አይሆን፣ የረሚንግተኑ ለውጅግራ አይሆን። እንዲያው የገበያ ጫማ ነው፤ አንዱ ለአንዱ አይገባም።

ታድያ ጥይት ብርቅ ሲሆን ገንዘብ ሆነ። ይህ ለማጋነን የተባለ አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በሃያኛው መጀመሪያ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጋር እኩል ገበያ ይወጣ ነበር። ብሩ ለትልቅ ዕቃ ነው፤ ለዶሮና ለእንቁላል አይመነዘርም። አሞሌው ዝናብ ሲያገኘው ይሟሟል። ጥይት ግን አይሟሟም፣ አይሰበርም፣ ሁሉም ይፈልገዋል። ዋነኛው መመንዘሪያም የውጅግራ ጥይት ነበር። እስቲ አስቡት፤ እያንዳንዷ ተኩስ ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ ናት። ያገራችን ተኳሽ "አንድ ጥይት ለአንድ ሰው" እያለ የሚፎክረው የዓላማ ኩራት ብቻ ይዞት አይደለም። ቁጠባም ይዞት ነው።

አሁን ወደ ቀለሁ እንምጣ። ጥይት ሲተኮስ እርሳሱ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ ካፕሱሏ ትሞታለች። ቀለሁ ግን ይቀራል። ከአራቱ አካላት በጣም ውዱና ለመሥራት በጣም አስቸጋሪው ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ ቀለህ የሚጥል ሰው ድስቱን ከወጡ ጋር እንደሚደፋ ነው። ያገራችን ሰው ይህን ለመረዳት የማንም አስተማሪ አላስፈለገውም። ከተኮሰ በኋላ ቀለሁን ይለቅማል፣ ዝናሩ ላይ ይመልሳል፣ ሲደላው ያስሞላዋል።

ሁሉም ቀለህ ግን እኩል አይሞላም። ውጅግራ ማለት ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ለሠራዊታቸው የመረጡት የግራ ጠመንጃ ነው፤ ፉዚ ግራ ያሉትን ሰዉ ውጅግራ አለው። አፉ 11 ሚሊ ሜትር ሆኖ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ ይተፋል። የሚጠቀመው ጥቁሩን ባሩድ ስለሆነ በቤት ባሩድ መሞላት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1886 የመጣው ለበል ግን ጭስ አልባ በሆነ አዲስ ባሩድ ነው የሚሠራው። እሱ የላብራቶሪ ቅመም ነው፤ ከከሰልና ከድኝ አይገኝም። ጥቁሩን ባሩድ ለበል ቀለህ ውስጥ ቢጨምሩት ጠመንጃው ጉልበቱን ያጣል፣ ጠባቡ አፈሙዝም በጥላሸት ይታፈናል። ፈረንሳዮች ለበልን ሲይዙ ውጅግራውን እንደ አሮጌ ብረት አራገፉት፣ ኢትዮጵያም ገባ። "አሮጌ ሸጡልን" ብለን ብናዝን አይፈረድብንም። እኔ ግን ሳስበው፣ ውጅግራ እኛ ዘንድ ያን ያህል ዘመን የቆየው በርካሽነቱ ብቻ አይመስለኝም። የቤት ምግብ ስለሚበላ ነው።

ሌላዋ ፈተና ካፕሱሏ ናት። እ.ኤ.አ. በ1866 ግድም ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት ካፕሱል አወጡ። እንግሊዛዊው ቦክሰር ያወጣው ቀለህ መሐሉ ላይ አንድ ቀዳዳ አለው፤ የሞተችውን ካፕሱል በመርፌ ገፍቶ ማውጣት ይቻላል። አሜሪካዊው በርዳን ያወጣው ከጎንና ከጎን ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው መርፌ አይገባለትም፤ በጉጠት ነው የሚፈለቀቀው። አስቂኙ ነገር የእንግሊዙን ስልት አሜሪካኖች ያዙት፣ የአሜሪካዊውን አብዛኛው አውሮፓ ያዘው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥይት የሚሞላ ሰው ሥራው የሚቀልለት በዚህ ነው። ጥይታችን ይመጣ የነበረው ደግሞ ከአውሮፓ ነው። ያገራችን አንጥረኛ የደረሰው አስቸጋሪው ነው።

የቀለህ ዋጋ በይበልጥ የታየው በአምስቱ ዓመት ነው። ከወረራው በፊትም ቢሆን ታላላቆቹ መንግሥታት "ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም" እያሉ ለጣሊያን አደሉ፤ ጣሊያን የራሱ ፋብሪካ አለው፣ እኛ የለንም። "ለሁለቱም" የምትለው ቃል ፍትሕ ትመስላለች። ነገር ግን ምንጭ ላለውና ለሌለው ሰው እኩል ወንዝ መከልከል ነው። ከ1928 ዓ.ም. በኋላ አርበኛው ጫካ ሲገባ ጥይት የሚያገኘው ከጠላት ማርኮ፣ ከባንዳ ገዝቶ፣ አለበለዚያም ቀለህ ሞልቶ ነበር። በየጫካው አንጥረኛ ያለው አለቃ የታደለ ነው። ወናፉ ይነፋል፣ እርሳሱ ይቀልጣል፣ ቀለሁ ይስተካከላል። በዚያ ዘመን ጎጃም ውስጥ ባሩድና ቀለህ የጨበጠ እጅ ስንት ሰው እንዳተረፈ የሚቆጥረው የለም።

አገው ምድር በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥግ አልነበረም። በ1933 ዓ.ም. መግቢያ እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ የመጀመሪያውን የግንኙነት ቡድን ይዞ ሲመጣ የሰፈረው ፋግታ፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ዘንድ ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። በየካቲት ጣሊያኖች ዳንግላንና እንጅባራን ለቀው ወጡ፣ የዊንጌት ጦርም እንጅባራ ላይ ተሰባስቦ ወደ ቡሬ ወረደ። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበርም የተመሠረተው በዚያው በአርበኝነቱ ዘመን፣ በ1932 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ሜዳ ላይ ፈረሶቹ ሲጋልቡ አገር ያያል፤ ይገባቸዋልም። ፈረሱ ይታወሳል፣ ፈረሰኛው ይታወሳል፣ ጠመንጃውም በፉከራው ይወደሳል። ቀለሁን የሞላው ሰውዬስ?

ስለ እሱ ከማንሳቴ በፊት ለዘመዴ የሰጠሁትን መልስ ልናገር፤ ቁም ነገሩ የተገለጠልኝ እዚያ ላይ ነውና።

ቀለህ ሲተኮስ በግፊቱ ትንሽ ይነፋል። ተመልሶ ጠመንጃው ውስጥ እንዲገባ ዳይ በሚባል የብረት ቀፎ ውስጥ በኃይል ተጨምቆ መጠኑ ይመለሳል። ይህንን የሚሠራው መጭመቂያው ነው። አሜሪካ ውስጥ አይዲያል የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1884 ያወጣው መሣሪያ በእጅ የሚጨበጥ ጉጠት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ሊ የሚባለው ያወጣው ደግሞ በመዶሻ እየተመታ የሚሠራ ነው። ሁለቱም ከእኛ አንጥረኛ ዕቃ ብዙ አይርቁም። ዛሬ ገበያው ሞልቷል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ የሚሠራ አለ፣ እጀታው በተሳበ ቁጥር አንድ ያለቀ ጥይት የሚተፋም አለ።

እኔም እንዲህ አልኩት። በዓመት አንድ አጋዘን ለሚያድን ሰው የሚተፋው ማሽን ምን ያደርግለታል? አንድ በአንድ የሚሠራውን ያዝ። አካሉ ጊዛ ይሁን፤ አሉሚኒየሙ ቀላልና ርካሽ ነው፣ ግን ከባድ ቀለህ ሲጨመቅበት ለዘመናት መጽናቱን እጠራጠራለሁ። ቅርጹ እንደ ቀለበት ዙሪያውን የተዘጋ ይሁን፤ ባንድ ጎን የተከፈተው ሲጨነቅ አፉን ይከፍታል፣ አፉን ሲከፍት ቀለሁ ይጣመማል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ዘንግ ወፍራም ይሁን፣ ቤቱ ውስጥ አይወዛወዝ፣ ግራሶ አይለየው። ከሞተችው ካፕሱል የሚወጣው አመድ ብረት የሚበላ አሸዋ ነው፤ ዘንጉ ላይ የሚያራግፈውን አትግዛ። ዳይ የሚታሰርበት ጥርስ የሁሉንም ኩባንያ ዳይ የሚቀበለው የተለመደው ልክ ይሁን፤ ያለዚያ አንዱ ኩባንያ ሲዘጋ አንተም ትዘጋለህ። እ.ኤ.አ. በ1943 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተው አርሲቢኤስ ሮክ ቸከር የሚለው ማሽን ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ የሚታየው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። አሮጌም ብታገኝ ዘንጉን ነቅንቀህ እየው፤ ካልተወዛወዘ ከአዲስ አይተናነስም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ በብሎን እሰረው። የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ያለ ጥሩ መጭመቂያ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ይህን ስዘረዝርለት ምን ታየኝ መሰላችሁ? ያገራችን አንጥረኛ ከዚህ ሁሉ አንዱም አልነበረውም። ጊዛ የለውም፣ ቶርኖ የለውም፣ ሞርሳ የለውም። የነበረው መስፍ፣ መዶሻ፣ ጉጠትና ዓይኑ ነው። በሚሊ ሜትር ስባሪ የሚለካውን ሥራ በዓይኑ ለክቶ ሠራው። ቢሳሳት ጠመንጃው የሚፈነዳው ተኳሹ ፊት ላይ ነው። የጀግናው ሕይወት በዚህ ሰው ጣት ላይ ነበረች።

እኛስ ምን ብለን ጠራነው? ቀጥቃጭ አልነው፣ ጠይብ አልነው፣ ቡዳ አልነው። ማታ ጅብ ይሆናል ብለን ልጆቻችንን ደበቅንበት። ልጁን ለልጃችን አልዳርንም። ቀን ቀለሁን አስሞልተን ማታ በር ዘጋንበት። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሚሲዮናውያኑን ሰብስበው በ1859 ዓ.ም. 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አሠሩ፤ እንደ ጉልበተኛነታቸው ብረት ሠሪን ያከበሩ ንጉሥ ነበሩ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ መውጣቱ ራሱ ስድቡ ምን ያህል የተንሰራፋ እንደነበር ይነግረናል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እሳቸው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው "መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር" መጽሐፋቸው፣ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ነፃነቱ ስም ብቻ እንደሚሆን አስረድተዋል። ጥይት ከዚህ የበለጠ ምን ምሳሌ ይፈልጋል? ከራምቦ ቅፍለት ተነሥተን አምቦ አካባቢ የሆሚቾ ጥይት ፋብሪካ እስኪቋቋም መቶ ዓመት ያህል ሄዷል። በዚያ መቶ ዓመት ውስጥ ክፍተቱን የሸፈነው ያ የተሰደበው ሰው ነው።

አንድ ነገር ይታወቅልኝ። ሰው ተነሥቶ ጥይት ይሙላ እያልኩ አይደለም። በአሜሪካው ግዛት የተፈቀደው እኛ ዘንድ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቶለታል። አዋጅ ባይኖርስ? በዚህ ዘመን ያገሬ ሰው የጎደለው ጥይት አይደለም። በለቅሶውም በሠርጉም የተተኮሰው፣ ወንድም በወንድሙ ላይ የተኮሰው በቅቶናል።

የጎደለን ሌላ ነው። በየገጠሩ ስንት የውሃ ፓምፕ፣ ስንት ወፍጮ፣ ስንት የጤና ጣቢያ ማሽን አንዲት ጎማ ወይም አንዲት ብሎን አጥቶ ቆሟል? ማሽኑን ስንገዛ ሪባን ቆርጠን እናጨበጭባለን፤ ዕቃ ሲሰበር ደግሞ "ከውጭ እስኪመጣ" እንላለን። ይኼ እኮ ያው የጥይቱ ታሪክ ነው፤ ጠመንጃውን ገዝተን ጥይቱን መለመን። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይላሉ አባቶች። ያቺን ብሎን ቶርኖ ላይ የሚያወጣ ወጣት በየወረዳው አለ፤ እንጅባራም ዳንግላም አለ። እጁ ግራሶ ስለሆነ ግን ጎረቤቱ "ትምህርት ያልሆነለት" ይለዋል። ጠይብ የሚለውን ቃል ትተነው ይሆናል፣ ሐሳቡን ግን አልተውነውም። ከዚያ ልጅ ጋር ቡና የጠጣን፣ ልጃችንን የዳርንለት፣ የሠራውን ብሎን ከውጭው እኩል ዋጋ የከፈልንበት ቀን፣ ያን ጊዜ ግምጃ ቤታችን ውስጥ የሆነ ነገር ተቀመጠ ማለት ነው።